በመቀመጫው የተወለደ ሕፃን፣ የህብለ ሰረሰር ጉዳት፣ ማጠቃለያው ግን «የወሊድ ጉዳት» ብቻ ይላል፤ ኮዱ ምን ይሁን?

ማኅደረ መረጃ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። በሕክምና መዝገብ ክፍል ለምርመራ ውጤቶች ኮድ በመስጠት 9 ዓመት ሠርቻለሁ። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የአጥንት ስብራት ካርድ ሲመጣ እጄ ለምዶታል። የጨቅላ ሕፃናት ካርድ ወደ እኔ መምጣት ከጀመረ ግን ገና 7 ወሩ ነው። ከትናንት ወዲያ ጠረጴዛዬ ላይ ያረፈው አንድ ካርድ እንቅልፍ ነሥቶኛልና የምታውቁ እንድትረዱኝ ብዬ ነው የምጽፈው።

ሕፃኑ ወንድ ነው፤ ቀኑን ጨርሶ የተወለደ፣ 3.9 ኪሎ የሚመዝን። የመጣው በመቀመጫው ነው። የአዋላጇ ማስታወሻ በካርዱ ውስጥ ካሉት ጽሑፎች ሁሉ የጠራው ነው፦ ገላው እስከ ትከሻው ያለ ብዙ ችግር ወጥቷል፤ አንገቱ ወደ ኋላ ቀና ብሎ ስለነበር ጭንቅላቱ ለመውጣት ዘግይቷል፤ ለእርዳታ ሁለተኛ ሰው ተጠርቷል፤ ሕፃኑ እንደተወለደ ሰውነቱ ዝሎ ነበር፣ ለቅሶውም ደካማ ነበር። ሰዓቱ ሳይቀር በየመስመሩ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን መያዣ መጨበጫ የለውም።

በተወለደበት ሌሊት ተረኛው ሐኪም የጻፈው «የወሊድ ጉዳት፣ ሰውነቱ ልል» የሚል ነው። በ2ኛው ቀን ሌላ የእጅ ጽሑፍ «ታፍኖ የተወለደ?» ይላል፤ የጥያቄ ምልክቱ ካርዱ ላይ ያለ ነው። በ4ኛው ቀን «የቀኝ እጅ የብራኪያል ፕሌክሰስ ሽባነት፣ ፊዚዮቴራፒ ይጀመር» ተባለ፤ ብራኪያል ፕሌክሰስ ከአንገት ወደ እጅ የሚወርዱት ነርቮች መረብ ነው። በ6ኛው ቀን ኤምአርአይ ተነሣ። ሪፖርቱ የአንገትና የደረት አከርካሪ በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ የህብለ ሰረሰር እብጠትና ደም መፍሰስ እንዳለ፣ አጥንቶቹ ግን እንዳልተሰበሩ ይናገራል። በ19ኛው ቀን ሕፃኑ ወጣ። የመውጫ ማጠቃለያው «የወሊድ ጉዳት፣ ተመላልሶ ይታይ» ብሎ አበቃ። ስለ ህብለ ሰረሰር አንዲት ቃል የለችበትም።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን ማጠቃለያው ብቻ አይደለም። በነርሶቹ ቅጽ ላይ፣ በ3ኛው ቀን ሌሊት፣ ከሰንጠረዡ ውጭ በኅዳጉ ላይ እንዲህ የሚል ተጽፏል፦ «ዐይኑን ገልጦ ፊቴን ይከተላል። ለደም ናሙና ተረከዙን ስወጋው እግሩን ሰበሰበ፣ ፊቱ ግን አልተለወጠም፣ አላለቀሰም።» ሐኪም አይደለሁም፤ ነገር ግን ይህቺ ነርስ ያየችውን ነገር ከእርሷ በኋላ ማንም እንዳላነበበው ከካርዱ ያስታውቃል።

አለቃዬ «ፒ11.9 ስጪውና ዝጊው፣ የወሩ ሪፖርት እየጠበቀ ነው» ብሎኛል። ፒ11.9 በአይሲዲ-10፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የበሽታዎች መመደቢያ፣ ያልተገለጸ የማዕከላዊ ነርቭ ሥርዓት የወሊድ ጉዳት ማለት ነው። ከእርሱ በላይ ፒ11.5፣ የአከርካሪና የህብለ ሰረሰር የወሊድ ጉዳት፣ ተጽፎ እያየሁ እንዴት አልፌው ልሂድ?

ጥያቄዬ እንግዲህ ይህ ነው። የኤምአርአዩን ሪፖርት ብቻ ይዤ ፒ11.5 መስጠት እችላለሁ? ካልቻልሁ ሐኪሙን በምን ዓይነት ቃል ልጠይቀው፣ መልሱን አስቀድሜ የነገርሁት እንዳይመስል? መታፈኑንና የእጁን ሽባነት ምን ላድርጋቸው? በመቀመጫው መወለዱስ በሕፃኑ ካርድ ላይ ኮድ አለው ወይስ የእናቱ ካርድ ብቻ ነው የሚይዘው?

አሠልጣኙ

እህቴ፣ ካርዱን ለመዝጋት አለመቸኮልሽ ደግ አድርገሻል። ኮደሮችን ማሠልጠን ከጀመርሁ 16 ዓመቴ ነው፤ እንዲህ ያለ ካርድ በእጄ ያለፈው ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢሆንም አንዱንም አልረሳሁትም።

የመጀመሪያው ጥያቄሽ መልስ፦ አትችይም። የራጅ ሐኪሙ በምስሉ ላይ ያየውን ይገልጻል፤ ሕፃኑ የያዘውን ሕመም የሚሰይመው ግን የሚያክመው ሐኪም ነው። «እብጠትና ደም መፍሰስ» የሚለውን «የወሊድ ጉዳት» ወደሚለው የሚያደርሰው መንገድ የሐኪም ፍርድ ይፈልጋል፤ ያንን ፍርድ አንቺ ብትሰጪው ኮዱ ትክክል ሆኖ እንኳ ቢገኝ መሠረት የለውም። ሪፖርቱ የሚያገለግልሽ ለሌላ ነገር ነው፦ ሐኪሙን ለመጠየቅ ሙሉ ምክንያት ይሰጥሻል።

የምትጠይቂበትን ቃል በተመለከተ፣ «ፒ11.5 ልጻፍ ወይ?» አትበዪው፤ ይህ ምርመራውን አንቺ ሰጥተሽ ፊርማ መለመን ነው። በካርዱ ላይ ያለውን ማስረጃ ከነቀኑ ደርድሪለት፦ የአዋላጇን ማስታወሻ፣ የነርሷን የ3ኛ ቀን ጽሑፍ፣ የ6ኛውን ቀን ኤምአርአይ። ከዚያ «በእርስዎ ግምገማ የሕፃኑ ሰውነት መዛል ምክንያቱ ምንድን ነው?» ብለሽ ጠይቂ። አማራጭ የምታስቀምጪለት ከሆነ በካርዱ ላይ የተጠቀሱትን ሁሉ አስገቢ፣ «ሌላ» እና «አሁን መወሰን አይቻልም» የሚሉትንም ጨምሪ። በጥያቄሽ ውስጥ የኮድ ቁጥርም ሆነ የሪፖርት ነገር አይግባ።

ስለ መታፈኑ፣ የአይሲዲ-10ን መጽሐፍ ፒ21 ላይ ግለጪውና ከርእሱ ሥር ያለችውን ማስታወሻ አንብቢያት። ይህ ምድብ መታፈን ወይም ሌላ የአተነፋፈስ ችግር ሳይጠቀስ አፕጋሩ (ሕፃኑ እንደተወለደ የሚሰጠው ነጥብ) ዝቅ ስላለ ብቻ አይሰጥም ትላለች። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሕፃን ጡንቻው ይዝላል፣ ሪፍሌክሱ ይጠፋል፤ በእነዚህ ሁለት መለኪያዎች ብቻ አፕጋሩ ይወርዳል። ስለዚህ የጥያቄ ምልክት ያለበትን «ታፍኖ የተወለደ?» እንደ ቁርጥ ምርመራ አትውሰጂው፤ እርሱንም በዚያው ጥያቄ ውስጥ አብረሽ አንሺው። የብራኪያል ፕሌክሰስ ጉዳት ደግሞ ቤቱ ፒ14 ነው፤ የኧርብ (የላይኛው ክንድ) ሽባነት ፒ14.0፣ የክሉምፕኬ (የታችኛው ክንድና የመዳፍ) ፒ14.1፣ የዲያፍራም ነርቭ ሽባነት ፒ14.2። ከህብለ ሰረሰር ጉዳት ጋር አብሮ ሊኖር ስለሚችል ሐኪሙ ሁለቱንም ካጸና ሁለቱንም ትሰጫለሽ።

በመቀመጫው መወለዱ በሕፃኑ ካርድ ላይ ኮድ አለው፤ ፒ03.0 ነው፣ እንደ ተጨማሪ ይገባል። በእናቲቱ ካርድ የሚገባው ከኦ ምዕራፍ፣ ከእርግዝናና ከወሊድ ኮዶች፣ ነው። የፒ ኮድ በእናት ካርድ ላይ፣ የኦ ኮድ በሕፃን ካርድ ላይ አይወጣም። በአሜሪካው የአይሲዲ-10 ማሻሻያ የምትሠሩ ከሆነና ሕፃኑ የተወለደው እዚያው ሆስፒታል ከሆነ በወሊዱ ካርድ ላይ ዜድ38 (በሕይወት የተወለደ ሕፃን) ቀዳሚውን ቦታ ይይዛል፤ ከሌላ ቦታ ተልኮ የመጣ ከሆነ ግን ተቀባዩ ሆስፒታል አይሰጠውም።

አንድ ነገር ሳላስጠነቅቅሽ አልለፍ። በመዘርዝሩ ውስጥ «ጉዳት» ከሚለው ቃል ተነሥተሽ «ህብለ ሰረሰር» ወደሚለው ከወረድሽ ኤስ14 ወይም ኤስ24 ላይ፣ ማለትም በአደጋ የሚደርስ የአንገት ወይም የደረት ነርቭና ህብለ ሰረሰር ጉዳት ላይ፣ ያደርስሻል። አንዲት ሠልጣኜ አንድ ጊዜ የ2 ቀን ሕፃን ኤስ14 ሰጥታ፣ ሕፃኑ በሪፖርቱ ላይ በመኪና አደጋ አንገታቸው ከተጎዳ ሰዎች መካከል ተቆጥሮ አገኘሁት። ያ ምዕራፍ የወሊድ ጉዳትን፣ ማለትም ከፒ10 እስከ ፒ15 ያለውን፣ ከመግቢያው ጀምሮ ያስወጣል። የምትገቢበት በር «ወሊድ፣ ጉዳት» የሚለው ነው።

ፒ11.9ን በተመለከተ አለቃሽ የሰጡሽ ኮድ በሐሰት የተፈጠረ አይደለም፤ ካርዱ ሌላ ምንም በማይናገርበት ጊዜ ለዚያ የተቀመጠ ነው። የእናንተ ካርድ ግን ይናገራል።

የጨቅላ ሐኪም

ጥያቄዎን ሳነብ አፍሬአለሁ፤ ምክንያቱም «የወሊድ ጉዳት፣ ልል ሕፃን» ብዬ የጻፍሁበት ሌሊት እኔም አለኝ። ማስታወሻዎቹ ለምን እንዲህ እንደሚንከራተቱ ከእኛ በኩል ላስረዳ፤ ለጥያቄዎ ስለሚረዳዎት ነው።

ዝሎ የተወለደ ሕፃን ሲያጋጥም መጀመሪያ የሚታሰበው መታፈን ነው፣ ከሁሉም የተለመደ እርሱ ስለሆነ። ነገር ግን ታፍኖ አንጎሉ የተጎዳ ሕፃን ፊቱም ይፈዝዛል፤ ዐይኑ አይከተልም ወይም ባዶ ያፈጥጣል፣ አጠባቡ ይጠፋል። ህብለ ሰረሰሩ ብቻ የተጎዳ ሕፃን ግን ከአንገቱ በላይ ንቁ ነው። ያያል፣ ፊቱን ያጨማድዳል፣ ጡቱን ይፈልጋል፤ ከአንገቱ በታች ደግሞ ልክ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይንጠለጠላል። ነርሷ «ፊቴን ይከተላል» ያለችው ይህንን ነው። የብራኪያል ፕሌክሰስ ጉዳትም ቢሆን አንድ እጅ ብቻ ዝሎ እግሮቹ በደንብ የሚራገጡበት ነው። እግሮቹ ካልተራገጡ እጁን ብቻ ይዞ መቆም አይገባም ነበር።

የነርሷ ሁለተኛ ቃል ደግሞ ከዚህ ይበልጣል፦ «እግሩን ሰበሰበ፣ ፊቱ ግን አልተለወጠም።» ተረከዙ ሲወጋ ቁርጭምጭሚቱ፣ ጉልበቱና ዳሌው አብረው የሚታጠፉት ከጉዳቱ በታች ያለው የህብለ ሰረሰር ክፍል በራሱ በሚሰጠው ሪፍሌክስ ነው፤ ስሜቱ ወደ አንጎል አልደረሰም። ችኩል ሐኪም ይህንን አይቶ «እግሮቹን ያንቀሳቅሳል» ብሎ ይጽፋል፤ ያቺ አንዲት መስመርም ምርመራውን በሳምንታት ታዘገየዋለች። ሕመሙ ፊቱ ላይ ይነበባል ወይ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል።

ራጁ ወይም አጥንቶቹ ደኅና መሆናቸው ማንንም አያታልል። የጨቅላ ሕፃን አከርካሪ ዓምድ በአብዛኛው ገና ያልጠነከረና ተለጣጭ ነው፤ ሳይበጠስ እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊለጠጥ ይችላል፣ ህብለ ሰረሰሩ ግን ከላይ በአንጎል ግንድ ከታች በነርቭ ሥሮች ተይዞ ስለሚገኝ ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ በላይ አይችልም። ገላው ወጥቶ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ቀና ብሎ፣ ጭንቅላቱ ሳይወጣ ሲሳብ የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ የታችኛው አንገትና የላይኛው ደረት ነው። በፎርሴፕስ (ጭንቅላቱን በሚይዘው የማዋለጃ መቆንጠጫ) ጭንቅላቱ ሲዞር የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ የላይኛውን አንገት ያዘወትራል። የአዋላጇ ማስታወሻና ኤምአርአዩ እንዲህ ከተገጣጠሙ ታሪኩ አንድ ነው።

በዚህ ላይ ስለ ኮዱ ራሱ የሚቆጨኝ ነገር አለ። ፒ11.5 ጉዳቱ የት እንደሆነ አይለይም። ዲያፍራምን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ የሚነሣው ከ3ኛው እስከ 5ኛው የአንገት ነርቭ ስለሆነ፣ ከዚያ በላይ የተጎዳ ሕፃን ያለ መተንፈሻ መሣሪያ አይኖርም። የእርስዎ ሕፃን ጉዳቱ ከዚያ በታች ስለሆነ በዲያፍራሙ ይተነፍሳል፤ የጎድን ጡንቻዎቹ ግን ስለዛሉ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሆዱ ይነፋል። ደካማው ለቅሶ ከዚህ የመጣ ነው። እነዚህ ሁለት ሕፃናት በአይሲዲ-10 አንድ ዓይነት ኮድ ይይዛሉ። ከጥር ወር 2022 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሥራ ላይ የዋለው አይሲዲ-11 ተጨማሪ ኮዶችን በማያያዝ ቦታውን ለመግለጽ መንገድ ይከፍታል። ገና በ10ኛው የምትሠሩ ከሆነ ግን ደረጃው የሚኖረው በሐኪሙ ጽሑፍ ውስጥ ብቻ ነው፤ እርሱ ካልጻፈው የትም አይገኝም።

እኔ አሁን የምጽፈው ይህን ነው፦ ስሜት የሚቆምበት መስመር የት እንደሆነ፤ እያንዳንዱ እጅና እግር በራሱ ፈቃድ ይንቀሳቀሳል ወይስ በሪፍሌክስ ብቻ፤ ደረቱ እንዴት እንደሚነሣ፤ የፊንጢጣው ጡንቻ ይጨብጣል ወይስ ልል ነው፤ ፊኛው ይሞላል ወይ። በየቀኑ እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ የሚታየው ሙሉ መዛል በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊለወጥ፣ እግሮቹም ሊገትሩ ይችላሉ። የመጀመሪያው ቀን ካልተጻፈ በኋላ የሚመጣው ሐኪም የሚያነጻጽረው ነገር የለውም።

ሐኪሙን ሲጠይቁ አንድ ነገር እንዲያረጋግጡ እለምንዎታለሁ። በእምብርቱ ደም ቅዳ በኩል ካቴተር (ቀጭን ቱቦ) ገብቶለት ነበር? እግሮቹ የዛሉት ከካቴተሩ በኋላ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ የህብለ ሰረሰሩ ደም ሥር ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና። ያ ከወሊዱ የመጣ ጉዳት ስላልሆነ ፒ11.5 አይሆንም፤ የህብለ ሰረሰር የደም ሥር ሕመሞች የሚገቡት በጂ95.1 ነው። በእርስዎ ካርድ ሕፃኑ ዝሎ የተወለደ ስለሆነ ወደዚያ የሚወስድ አይመስልም፤ ጊዜው በአዋላጇ ማስታወሻ ላይ መመዝገቡ ምን ያህል እንደጠቀመ ግን ይመልከቱ።

የሌሊት ተረኛ

ዶክተር ስለ ፊኛው ያነሡትን ልቀጥል፤ በእኛ ቅጽ ላይ ትልቁ ስሕተት የሚደበቀው እዚያ ነው።

የጨቅላ ክፍል ነርስ ነኝ። በሰንጠረዣችን ላይ «ሽንት» የሚል አምድ አለ፤ ዳይፐሩ እርጥብ ከሆነ ምልክት እናደርጋለን። ህብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ሕፃን ዳይፐሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው። እርጥብ የሚሆነው ግን ሸንቶ ሳይሆን ፊኛው ሞልቶ እየተንጠባጠበ ስለሆነ ነው። ምልክቱ በየሦስት ሰዓቱ ይደረደራል፣ ካርዱን የሚያነብ ሁሉ «ደኅና ይሸናል» ይላል። አንድ ሌሊት አንዲት ሕፃን ስቀይር እጄን ከእምብርቷ በታች ሳሳርፍ እንደ ሎሚ ክብና ጠንካራ ነገር አገኘሁ። ዳይፐሯን ከቀየርሁ አሥር ደቂቃ አልሞላም ነበር፣ እርጥብም ነበር። ካቴተር ሲገባላት የወጣውን መጠን በሰንጠረዡ ለመጻፍ የሚሆን ቦታ ስላልነበረ በኅዳጉ ጻፍሁት።

ከዚያ ወዲህ ምልክት ብቻ አላደርግም። «ዳይፐሩ እርጥብ፣ ሽንቱ በኃይል ሲወጣ አልታየም፣ ፊኛው ይዳሰሳል» ብዬ እጽፋለሁ። ቃሉ ረዘመ ያሉኝ ነበሩ። እኔ የምርመራ ስም መስጠት አልችልም፣ አልሰጥምም፤ ያየሁትን ግን ሙሉውን መጻፍ ሥራዬ ነው።

እህቴ፣ ያቺ በኅዳጉ ላይ የጻፈችው ነርስ ስሟ በፊርማው ካለ እባክሽ ፈልገሽ ንገሪያት። ጽሑፋችንን የሚያነብ ሰው መኖሩን ብዙዎቻችን አናውቅም።

የሁለት ልጆች እናት

ባለሙያ አይደለሁም፤ ልጄን የሚመለከት መረጃ ስፈልግ ነው ይህን ውይይት ያገኘሁት። ብጽፍ ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

ልጄ አሁን 6 ዓመቷ ነው። እርሷም በመቀመጫዋ ነው የመጣችው። ስንወጣ የተሰጠኝ ወረቀት ላይ «የወሊድ ችግር» ይል ነበር። ከዓመት በኋላ እግሮቿ ሲገትሩ ሌላ ቦታ ወሰድኋት፣ ያንን ወረቀት አዩና «ሴሬብራል ፓልሲ» ብለው ጻፉ። ከዚያ በኋላ በሄድሁበት ሁሉ ያ ስም ቀድሞኝ ይገባ ነበር። ልጄ ግን በዓመት ከመንፈቋ አፏን ፈትታ ትናገር ነበር፣ እጆቿም ጎበዝ ናቸው። «አንጎሏ ተጎድቷል» ሲሉኝ ልጄን እያየሁ አላምን አልሁ፤ መከራከር ደግሞ አፈርሁ።

ሽንቷን ማንም አላየላትም። አንጎሏ ነው ተብሎ የለም? በ3 ዓመቷ ትኩሳቱ እየተመላለሰ አላስቀምጥ ሲላት ነው ኩላሊቷ የታየው። ያን ጊዜ አንዲት ሐኪም «የተወለደችበትን ካርድ አምጪልኝ» አለችኝ። ካርዱ ተፈልጎ ተገኘ፤ በውስጡ «ጭንቅላቷ ለመውጣት ዘገየ» የሚል የአዋላጅ ጽሑፍ ነበረበት። ሐኪሟ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ኤምአርአይ አዘዘች፣ ጉዳቱ ከደረቷ አከርካሪ ላይ ሆኖ ተገኘ።

ኮድ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። እህቴ፣ ያ ሕፃን እናት አለችው፤ ወደፊት በየደጁ የምታሳየው አንቺ የምትዘጊውን ወረቀት ነው።

አሠልጣኙ

እመቤቴ፣ ስለጻፉልን እግዚአብሔር ይስጥልን። የጻፉት ለሁላችንም ትምህርት ነው፤ በኮድ በኩል ያለውን ብቻ ልጨምርበት። ሴሬብራል ፓልሲ ጂ80 ነው፣ የአንጎል ሕመም ነው። በህብለ ሰረሰር ጉዳት የመጣ የእግር ወይም የአራቱም እጅና እግር ሽባነት የሚገባው በጂ82 ነው፤ መነሻው ከታወቀ ከመነሻው ጋር አብሮ ይሰጣል። ልጁ ስላደገ የወሊድ ጉዳቱ ታሪክ ይቀራል ማለት አይደለም። በአሜሪካው መመሪያ እንዲያውም ሕመሙ እስካለ ድረስ የፒ ኮድ በማንኛውም ዕድሜ ሊሰጥ እንደሚችል በግልጽ ተጽፏል። «ፒ የጨቅላ ነው፣ ለ6 ዓመት ልጅ አይሰጥም» የሚሉ ኮደሮች ይህን ይመልከቱ።

ማኅደረ መረጃ (ጠያቂ)

ከ5 ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። መልሳችሁን አትሜ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የእናትየዋን ጽሑፍ ለአለቃዬ አነበብሁለት፤ ዝም ብሎ ሰማኝና «እስከ ዓርብ ጊዜ አለሽ» አለኝ።

ለሐኪሙ የላክሁት ጥያቄ ይህ ነው፦ «የአዋላጅ ማስታወሻ፦ በመቀመጫ ወሊድ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ቀና ያለ፣ ጭንቅላቱ ለመውጣት የዘገየ፣ እንደተወለደ የዛለ። የ2ኛ ቀን ማስታወሻ፦ ታፍኖ የተወለደ? የ3ኛ ቀን የነርስ ማስታወሻ፦ በዐይኑ ይከተላል፣ ተረከዙ ሲወጋ እግሩን ይሰበስባል፣ ፊቱ አይለወጥም። የ4ኛ ቀን ማስታወሻ፦ የቀኝ እጅ የብራኪያል ፕሌክሰስ ሽባነት። የ6ኛ ቀን ኤምአርአይ፦ በአንገትና በደረት መጋጠሚያ የህብለ ሰረሰር እብጠትና ደም መፍሰስ፣ ስብራት የለም። የመውጫ ምርመራ፦ የወሊድ ጉዳት። በእርስዎ ሕክምናዊ ግምገማ የሕፃኑ መዛል ምክንያት ምንድን ነው? በ2ኛውና በ4ኛው ቀን የተጠቀሱት ጸንተዋል ወይስ ቀርተዋል? አሁን መወሰን የማይቻል ከሆነ እባክዎ ይህንኑ ይግለጹ።»

ሐኪሙ ወረቀቱን ተቀብሎ መልስ ሳይሰጠኝ ሄደ፤ ቅር አለው ብዬ ፈርቼ ነበር። በማግሥቱ ሕፃኑ ለቀጠሮ ሲመጣ ራሱ አየው። ከሰዓት በኋላ ካርዱን ይዞ እስከ ክፍላችን መጣ። ተጨማሪ ማስታወሻ ጽፏል፤ የቆየውን አልሰረዘም፣ ቀኑንም ወደ ኋላ አልመለሰም፣ በዚያው ቀንና ሰዓት ነው የፈረመበት። «በመቀመጫ ወሊድ ወቅት የደረሰ የህብለ ሰረሰር ጉዳት፣ በታችኛው አንገትና በላይኛው ደረት። የስሜት መስመር ከጡት ጫፍ በላይ። እግሮቹ በሪፍሌክስ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። የቀኝ እጁ ድክመት ከዚሁ የመጣ ነው፣ የብራኪያል ፕሌክሰስ ምርመራው ቀርቷል። የመታፈን ማስረጃ የለም። በእምብርት በኩል ካቴተር አልገባለትም። ፊኛው ይሞላል፣ ለኩላሊት አልትራሳውንድ ተልኳል።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር እየጠቆመ «ይህን ትናንት አላውቅም ነበር፤ ጥያቄሽን ይዤ ስመረምረው ነው ያገኘሁት» አለኝ።

ፒ11.5 ሰጠሁት፣ ፒ03.0ን ጨመርሁበት። ፒ21 እና ፒ14 አልገቡም። የመውጫ ማጠቃለያው በአዲሱ ማስታወሻ መሠረት ተስተካክሎ አንዱ ቅጂ ለእናቲቱ እንዲሰጥ ሐኪሙ ራሱ አዘዘ። ወረቀቱን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ቆማ አነበበችው፣ «ህብለ ሰረሰር» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝና በአራት አጥፋ በሕፃኑ የክትባት ካርድ ውስጥ ከተተችው።

የሌሊት ተረኛ ሆይ፣ ነርሷን አግኝቻታለሁ። ወደ ሌላ ክፍል ተዛውራለች። ጽሑፏን ሳሳያት ሕፃኑ በሕይወት አለ ወይ ብላ ነው መጀመሪያ የጠየቀችኝ።